ከቆጣሪ የተሳበ ሽቦ አጥር አይደለም፣ ወጥመድ ነው



ዛሬ የምጽፈው ስለ ፈረስ አጥር ነው። «አገር እንዲህ ሆኖ አንተ ስለ ፈረስ አጥር?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። ነገሩ የሰው ነፍስ ነው።

ዲማን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ለማታውቋት፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ናት። በዲማ ጊዮርጊስ ደብርና በአብነት ትምህርቷ የታወቀች፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ። ፈረስ ደግሞ ለእኛ ጌጥ ብቻ አይደለም። ገበያ ያደርሳል፣ እህል ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ሕመምተኛ ጤና ጣቢያ ያደርሳል።

ድሮ ይህ ፈረስ የወል ግጦሽ ላይ ይውል ነበር። ዛሬ የወሉ ግጦሽ ግማሹ ታርሷል፣ ግማሹ ባሕር ዛፍ ሆኗል። እረኛ የነበረው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ መግባቱም እሰየው። ስለዚህ ፈረሱ ጓሮ ቀረ። ጓሮ የቀረ ፈረስ ደግሞ የጎረቤት ጎመን ይበላል፣ ገብስ ይረግጣል፣ ጠብ ያመጣል። ሰው መላ ፈለገ። ያገኘው «መላ» ነው ዛሬ ብዕሬን ያስነሣኝ።

መላው ይኼ ነው፦ ከቆጣሪው አንድ ሽቦ ሳብ ማድረግ፣ በጓሮው ዙሪያ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ማዞር፣ ማታ ማታ ማብሪያውን ጫን ማድረግ። «ፈረሱ አይወጣም፣ ጅቡም አይገባም» ይባላል። በገበያ ሰምቼዋለሁ፣ በለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ በሠርግ ድንኳን ውስጥ ጠላ ይዘው ሲመካከሩበት ሰምቼዋለሁ። የሚናገሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔም አድርጌዋለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ነው። አንዲት ዳማ ባዝራ አለችኝ፣ ከነውርንጭላዋ። ጅብ ሁለት ሌሊት በአጥሩ ዙሪያ ሲያዞር አደረ። በሦስተኛው ቀን ሽቦ ገዛሁ፣ ከቆጣሪው ሳብኩ፣ ዘረጋሁ። ለቤተሰቤ «ማታ ወደ ጓሮ እንዳትወጡ» አልኩ። ጠቢብ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ማጥፋቱን ግን ረሳሁት።

ጠዋት ካፊያ ነበር። አንድ የቆሎ ተማሪ መጣ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሞላው ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። ውሻው ጮኸበትና ፈራ። በበሩ መምጣቱን ትቶ በጓሮ በኩል ዞረ። በአንድ እጁ በትሩን፣ በሌላው ሽቦዬን ይዞ ቆመ። እኔም ከቤት እንጀራ ይዤ ወጣሁ፣ በሽቦው ላይ አሻግሬ ሰጠሁት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎኝ ሄደ። ሽቦው ትዝ ያለኝ ወደ ቤት ስመለስ ነው። ቀና ስል የሳሎኑ አምፖል ጠፍቷል። ሌሊት መብራት ሄዷል። ልጁ ሦስተኛው ቤት ሳይደርስ መብራቱ መጣ።

ያን ልጅ ያተረፈው የእኔ ጥንቃቄ አይደለም። የመብራት መጥፋት ነው። ሁላችንም በየቀኑ የምናማርረው የመብራት መጥፋት አንድ የሰው ልጅ አትርፎልኛል። ሽቦውን ያን ዕለት ቆራርጬ ጣልኩ። እጄ ግን እስከ ማታ ሲንቀጠቀጥ ዋለ።

እንግዲህ ከዚህ ወዲያ የምናገረው የሌላውን ጥፋት አይደለም። የራሴን ነው።

«ግን እኮ በደንብ ከተሠራ አይገልም» የሚሉትን ክርክሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው፦ «በአምፖል በኩል ካሳለፍኩት ይቀዘቅዛል።» ይህ በጣም የተስፋፋ አሳሳች ወሬ ነው። ባለ 60 ዋት አምፖል ሲበራ ከሩብ አምፔር በላይ ይስባል። ሰውን ለመግደል የዚያ ሲሶው ይበቃል። አምፖሉ መሐል ስለገባ ሽቦው ምሕረት አይማርም።

ሁለተኛው፦ «ሰው ከያዘው ቆጣሪው ላይ ያለው ብሬከር ይጥላል።» አይጥልም። የቤት ብሬከር የሚጥለው 10 ወይም 16 አምፔር፣ ከዚያም በላይ ሲያልፍበት ነው። የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል እንጂ ሰው እንዳይሞት አይደለም። በሰው ገላ የሚያልፈው ከዚያ መቶ እጥፍ ያነሰ ነውና ብሬከሩ ምንም አልሰማም ብሎ ይቀመጣል።

ሦስተኛው፦ «እኔ አንዴ ነክቶኝ ያውቃል፣ አልሞትኩም።» ደረቅ ጫማ አድርገህ፣ ደረቅ መሬት ላይ ቆመህ ነበር። የቆሎ ተማሪው ግን ባዶ እግሩን ነው፣ ሐምሌ ነው፣ ጭቃ ነው። ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ጡንቻ ይጨብጣል፣ እጅ ልልቀቅ ቢል አይለቅም። ከ30 በላይ ሲሆን ልብ ምቷን ልትስት ትችላለች። እጁ ስላልለቀቀ ደግሞ በያንዳንዷ ሴኮንድ አደጋው ይጨምራል።

አራተኛው፦ «ለፈረሱ ግን ይጠቅማል።» ለፈረሱማ ይብሳል! ሽቦው ተበጥሶ እርጥብ መሬት ላይ ቢወድቅ ኮረንቲው በመሬቱ ውስጥ ይሰራጫል። የፈረስ የፊትና የኋላ እግር የተራራቀ ስለሆነ በሁለቱ መሐል ያለው ልዩነት በሆዱና በልቡ በኩል ያልፋል። ሽቦውን ሳይነካ፣ አጠገቡ ቆሞ ብቻ ሊሞት ይችላል። ልታድነው ያሰብከውን ራስህ ትገድለዋለህ።

ሕጉንም አንርሳ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ሰውን በቸልተኝነት መግደል ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ያሳስራል፣ ወይም በገንዘብ ያስቀጣል። ሽቦው ሊገድል እንደሚችል እያወቀ «የሆነው ይሁን» ብሎ የዘረጋ ሰው ደግሞ ነገሩ በቸልተኝነት ብቻ ላያልፍለት ይችላል። እኔን ግን ከእስሩ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የዚያን ልጅ እናት ምን ብዬ ላያት ነበር? ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ ለትምህርት የመጣ ልጅ፣ «ጎጃም ሄዶ እንጀራ ሲለምን ሽቦ ገደለው» ተብሎ ይነገራት?

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ልዙር። እነዚህ ደግሞ «ኮረንቲ የሚባል ነገር ድራሹ ይጥፋ፣ ችካልና ገመድ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው» የሚሉ ናቸው። ከእነሱም ጋር አልስማማም።

ችካሉን አይተነዋል። ፈረስ ቀኑን ሙሉ በአንድ ገመድ ዙሪያ ይዞራል፣ ሣሩን ጨርሶ አፈር ይልሳል። ገመዱ ቁርጭምጭሚቱን ይልጠዋል፣ ቁስሉ ላይ ዝንብ ይሰፍራል። የሁለት እግር ማሰሪያና የእግር ብረት ሲጨመር ደግሞ ፈረስ መሆኑ ይቀራል። ጅብ ሲመጣ ፈረስ ያለው አንድ መከላከያ እግሩ ነው። እኛ እሱን አስረን እንተኛለን፣ ጠዋት ገመዱን ብቻ እናገኛለን። ስንቶቻችን ነን ይህን ያላየን?

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። እኛ ነገሥታቱንና ጀግኖቹን የምንጠራው በፈረሳቸው ስም ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የእኛው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አባ ጠና፣ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር። የአገው ወንድሞቻችን ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረሰኞች ማኅበር አላቸው፣ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉ ሲከበር አገር ይደምቃል። የደብራችን ታቦት እንኳ በነጭ ፈረስ የሚሣለው ጊዮርጊስ ነው። በሥዕል የምንስመውን ፈረስ በጓሮ እግሩን እንልጠዋለን። በስሙ ፎክረን በገመድ እናቆስለዋለን። ይህ ወግ አይደለም፣ ልማድ የሸፈነው ስንፍና ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? የፈረስ የኤሌክትሪክ አጥር የሚባል ትክክለኛ ነገር አለ። ከቆጣሪ የተሳበው ሽቦ ስሙን ብቻ ነው የሰረቀው።

ታሪኩም ደስ ይላል። በ1930ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ጋላገር የሚባል ገበሬ ነበር። ፈረሱ በመኪናው ላይ እየታከከ አስቸገረው። ሰውዬው መኪናዋን በኤሌክትሪክ አስታጠቃት፣ ፈረሱ አንዴ ነካና ተወ። ከዚያ ተነሥቶ የአጥር መሣሪያ ወደ መሥራት ገባ፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራ ትልቅ ኩባንያ አለ። ጅማሬው እንደ እኛው ጓሮ ያለ ጓሮ፣ እንደ እኛው የሚያስቸግር ፈረስ ነው።

መሣሪያው ኢነርጃይዘር ይባላል። በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል፣ ባትሪውን ትንሽ ሶላር ይሞላዋል። ቮልቱ ብዙ ሺህ ነው፣ ይህን ሲሰሙ ሰዎች ይደነግጣሉ። ልዩነቱ ያለው ግን በጊዜው ነው። ግፊቱ አንድ ጊዜ ቸብ ያደርግና ቢያንስ ለአንድ ሴኮንድ ያህል ይጠፋል። ቸብ ያለበት ጊዜ ከሴኮንድ አንድ መቶኛ አይበልጥም፣ በተግባር ከዚያም በጣም ያንሳል። በዓለም አቀፉ ደረጃ የጉልበቱ ጣሪያ 5 ጁል ነው።

በአገራችን ምሳሌ ላስረዳ። ኢነርጃይዘር የቡሄ ጅራፍ ነው። ይጮሃል፣ ያማል፣ ግን ነክቶ ያልፋል። የቆጣሪ ኮረንቲ የወፍጮ ቀበቶ ነው። ቀስ ብሎ ቢዞርም ነጠላህን አንዴ ከያዘ አይለቅም፣ አንተን ይዞ ይገባል።

«ታዲያ ፈረስን በጅራፍ መምታት ጭካኔ አይደለም ወይ?» የሚል የዋህ ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው ቅን ነው፣ መልስ ይገባዋል። ፈረስ ብልህ ነው። በአፍንጫው አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይነካዋል፣ ከዚያ ራሱ ይጠነቀቃል። ሁለት የሕመም ቅጽበት ከዕድሜ ልክ የእግር ቁስል ጋር ሲመዘን የቱ ነው ጭካኔው? በዚያ ላይ አጥሩ ውስጥ ይሮጣል፣ ይንከባለላል፣ ከጓደኛው ጋር ይታከካል።

አሠራሩን ባጭሩ ላስቀምጥ።

1. ኢነርጃይዘሩን ግዙ፣ በቤታችሁ አትሥሩት። ከሞተር ሳይክል ኮይል፣ ከቴሌቪዥን ዕቃ እንገጣጥማለን የሚሉ ልጆች አሉ። ጎበዞች ናቸው፣ ግን ይህ የሚሞከርበት አይደለም። የሚያድነው የጊዜ ገደቡ ነው፣ እሱ ከሳተ ተመልሶ ያው ገዳይ ሽቦ ነው።

2. የመሬት ዘንግ ዋናው ነገር ነው። ሦስት የማይዝጉ የአንድ ሜትር ዘንጎች፣ በሦስት ሦስት ሜትር ርቀት ተቀብረው እርስ በርስ ይያያዙ። ከቤቱ መብራት የመሬት መስመር ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ። ዋልካ መሬት ላይ የምትኖሩ፣ በበጋ አፈሩ ሲሰነጠቅ ግፊቱ ይሞታል። ዘንጉን ጥላና እርጥበት ያለበት ቦታ ቅበሩት፣ ውኃ አጠጡት።

3. ቀጭን ሽቦ ፈረስ አያየውም። ሲደነግጥ ይገባበትና ይቆረጣል። ነጭ ሪባን የሚመስለው የአጥር ጥብጣብ ይሻላል። እሾሃም ሽቦ ላይ ግን በጭራሽ ኮረንቲ እንዳታስገቡ። ፈረስም ሰውም ከተጠላለፈበት መውጫ የለውም።

4. የእኛ ፈረሶች ትንንሽ ናቸው። ፈረንጆች እስከ ትከሻው 1 ሜትር ከ48 ሳንቲ የማይበልጠውን ፖኒ ይሉታል፣ አብዛኞቹ ፈረሶቻችን ከዚያ በታች ናቸው። ሁለት መስመር ይበቃል፦ የላይኛው አንድ ሜትር ገደማ፣ የታችኛው ግማሽ ሜትር ላይ። ውርንጭላ ካለ ሦስተኛ ዝቅ ያለ ጨምሩ።

5. ጥብጣቡ እንጨቱን በቀጥታ አይንካ። ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ ግፊቱን ወደ መሬት ያወርደዋል። ለዚሁ የተሠራው የፕላስቲክ ማንጠልጠያ አለ። በክረምት ደግሞ ከሥሩ የሚያድገውን ሣር እጨዱ፣ ሣር ከነካው ጉልበቱን ይጠጣዋል።

6. ፈረሱን አስተምሩት። በቀን፣ በጠባብ ቦታ፣ እናንተ ቆማችሁ እያያችሁ። ራሱ በአፍንጫው ይንካው። ጎትታችሁ አታስነኩት፣ አጥሩን ሳይሆን እናንተን ይፈራል።

7. መንገድና በር ባለበት በኩል ምልክት ስቀሉ። ማንበብ ለማይችል ቀይ ጨርቅ እሰሩ፣ ለጎረቤት በቃል ንገሩ። ግፊቱ ባይገድልም ልቡ የታመመ፣ የልብ መሣሪያ የተገጠመለት፣ እርጉዝ፣ ሕፃን ሊነካው አይገባም። መንገደኛ በሚተላለፍበት በኩል የእኛው ቀጋና ቁልቋል ከውጭ ይቅደም፣ ጥብጣቡ ከውስጥ ይሁን።

8. ስለ ጅብ እውነቱን እንነጋገር። ይህ ሁለት መስመር ጅብ አያቆምም፣ በሥሩ ሾልኮ ይገባል። አጥሩ የቀን ነው። ሌሊት ፈረሱ በረት ይግባ፣ በሩ ይቀርቀር። እኔም ያን ሐምሌ ማድረግ የነበረብኝ ይኼን ብቻ ነበር። ለአንድ በር ስንፍና ገዳይ ሽቦ ዘረጋሁ።

«ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። ብቻችሁን ከገዛችሁት ውድ ነው። ነገር ግን አንድ መካከለኛ ኢነርጃይዘር የአንድ ጓሮ ሳይሆን የብዙ ጓሮ አጥር ይችላል። ለቀብር ድንኳን በዕድር የምንገዛ ሰዎች ነን፤ አራትና አምስት ጎረቤት ተሰባስቦ አንድ መሣሪያ መግዛት ምን ይከብደናል? ለሞት ማኅበር አለን፣ ለሕይወት ማኅበር እንቸገራለን?

ለተቋማትም አንድ ቃል አለኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ተማሪዎቹ በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ ይሠራሉ። ደረጃውን የጠበቀ፣ ተፈትኖ የተረጋገጠ፣ በአገር ውስጥ የተገጣጠመ የአጥር መሣሪያ ለምን አንዱ ሥራ አይሆንም? ኢትዮጵያ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ፈረስ አላት፣ በአፍሪካ ቀዳሚ ነን እያልን እንኮራለን። ለዚህ ሁሉ ፈረስ ግን ሥልጠናችን ስለ ላምና ስለ በግ ብቻ ነው። የግብርና ባለሙያ መጥቶ «ፈረስህን በምን ታስራለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ካለ ከታች ይጻፍልኝ፣ በደስታ እታረማለሁ። የመብራት ሠራተኞችም ቆጣሪ ሊያነቡ ሲመጡ ወደ ጓሮ አንዴ አይናቸውን ቢወረውሩ ስንት ነፍስ ያተርፋሉ።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ነገሩን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አጥር ማለት ጎረቤትህ የት እንዳቆምክ እንዲያውቅ ነው። የማይታይ ነገር የዘረጋህ እንደሆነ ግን ያጠርከው አጥር አይደለም፣ ያጠመድከው ነው።» ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም፣ ርእሱንም ከሳቸው ነው የወሰድኩት።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ያነበባችሁ፣ ጓሯችሁ ውስጥ ከቆጣሪ የተሳበ ሽቦ ያለ ሰዎች፣ ነገ አትበሉ። ዋናውን ማብሪያ አጥፉ፣ ሽቦውን ቁረጡና ጠቅልሉት። ፈረሱን ለዛሬ ማታ ቤት አስገቡት። አጥሩን ከነገ ጀምሮ እንመክራለን። የምታውቁት ጎረቤት ካለ ደግሞ አትሳደቡት፣ አታሳጡት፤ እኔም ያው እሱ ነበርኩ። ቡና ጠርታችሁ ይህን አንብቡለት።

ያ ልጅ አሁንም በሰፈራችን ያልፋል። ስሜን አያውቅም፣ ምን እንደተረፈም አያውቅም። አሁን ውሻው ታስሯል፣ በበሩ በኩል ይመጣል። እንጀራውን ስሰጠው እጄ ባዶ አየር ላይ ያልፋል። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ይለኛል።

እሱማ ሰጥቶኛል።

ቸር ያሰማን። ላነበበውም ላላነበበውም አድርሱልኝ።